ቀበሮዋ የተረጎመችው ምልክት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ከሌላው ዓመት ሁሉ ከብዶ በገባበት ዘመን፣ በአንድ ጥልቅ ሸለቆ የሚኖሩ አውሬዎች በአንድ ዋሻ ተጠልለው ነበር። ዋሻው የአንበሳ ነው። በሌላ ጊዜ ደጁን እንኳ የሚረግጥ አልነበረም። ያን ክረምት ግን ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ፣ የሚዳቋ ግልገሎች በብርድ ደርቀው ሲገኙ አንበሳ አዘነና «ክረምቱ እስኪወጣ ልጆች ያላችሁ ሁሉ ግቡ። በዚህ ዋሻ ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም» ብሎ አወጀ።

በዋሻው መካከል እሳት ይነድ ነበር። መብረቅ ከመታው የወይራ ግንድ ፍም በገል ይዛ የመጣችው እመት አህይት ናት። አህይት ዕድሜዋን የፈጀችው በሰው አገር፣ ለአንድ ባለ ሱቅ ጭነት ስትሸከም ነው። እሳት እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚዳፈን ታውቃለች። አውሬዎቹ «አህያ ምን ታውቃለች» ማለት ልማዳቸው ቢሆንም፣ ልጆቻቸው እሳቱን ከበው ሲተኙ እያዩ ዝም አሉ።

እመት ቀበሮም በዚያ ዋሻ ሦስት ልጆች ነበሯት። ብልኅነቷን ሸለቆው ሁሉ ያውቃል። የሰማችውን አትረሳም፤ የምታውቀውን ግን ለሌላ የምትነግረው ሲጠቅማት ብቻ ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ከሸለቆው በላይ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ አንድ የጭነት መኪና ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሰዎቹ በደህና ወጡ፤ ዕቃቸውንም ሰብስበው ሄዱ። ጥቂት ካርቶኖችና አንድ ቢጫ ጄሪካን ግን ገደሉን ተንከባለው ወርደው ከአውሬዎቹ መንደር ደረሱ። ሁሉም ከቦ ማሽተት ጀመረ። አንዱ ካርቶን ሳሙና ነው። በሌላው ውስጥ ረጃጅም ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ሰዎች ትንኝና በረሮ ለመግደል የሚረጩት ነው። ጄሪካኑ ደግሞ ቲነር ነው፤ ቀለም ማቅጠኛ።

አህይት ሁሉንም ገፋ ገፋ አድርጋ ከመካከላቸው ቆመች።

«ሳሙናው አይበላም እንጂ አይጎዳም። እነዚህን ግን ማንም አይንካ» አለች። «ይህን ሥዕል እዩት። በቀዩ ክፈፍ ውስጥ ያለው ነበልባል ነው፤ ከእሳት አርቁኝ ማለቱ ነው። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተጨምሮበታል። እርሱ መርዝ ነኝ ማለት ነው።»

አንበሳ ቀረብ ብሎ አየው። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«የነገረኝስ የለም ጌታዬ፤ አይቼ ነው። የባለ ሱቁ ሚስት ሻማ አብርታ ቲነር ትቀዳ ነበር። ሻማው ከጄሪካኑ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል። ደህና የራቀ መስሏት ነበር። እሳቱ ግን የቲነሩን ሽታ ተከትሎ መጣ። ምልክቱን በየቀኑ ታየው ነበር፤ ትርጉሙን የነገራት ሰው ግን አልነበረም።»

«ሴትዮዋስ?»

«ቀበሯት» አለች አህይት።

ከዚያ አንበሳ «ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል» አለ። «ከዋርካው ሥር ካለው የድንጋይ ስንጥቅ አግቡት፤ ድንጋይም ጫኑበት። የሚከፍተው ካለ ከእኔ ጋር ይተያያል።»

እንደታዘዘው ሆነ። ቀበሮ ድንጋዩን ከገፉት አንዷ ነበረች። አህይት ያለችውንም ከነቃሉ ያዘችው።

ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ቀበሮ ጎርፉን የምትሻገር መስሏት ስትዘል የፊት እግሯ በቋጥኝ መካከል ተቀርቅሮ ቆሰለ። በሦስት እግር የሚያድን ቀበሮ የለም። አንድ ቀን ዋለች፤ ሁለት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጇ እርጥብ የዛፍ ልጣጭ ሲያኝክ አገኘችው። ከአፉ ልታስጥለው ብላ ተወችው፤ በምትኩ የምትሰጠው አልነበራትም።

እያነከሰች ወጣች። ዋርካው ጋ ስትደርስ አያ ጅቦ ተቀምጦ አየች። ጎርፍ ከወሰደው በሬ አንድ ሙሉ ታፋ አግኝቶ በሁለት እጁ አቅፎታል። የጅብ ነገር ሆኖ፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ ሌላ እንዳይመጣበት ዙሪያውን ይገላመጣል።

ቀበሮ ለመለመን አሰበች። «ልጆቼ ተርበዋል» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለምና አታውቅም፤ ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«እንደምን ዋልክ አያ ጅቦ?»

«ደህና። ራቅ ብለሽ አውሪ።»

«እኔስ ላንተ አዝኜ ነው። ለአንድ ታፋ ይህን ያህል ስትጨነቅ፣ ከጀርባህ አጥንት ከነቅልጥሙ ታሽጎ ተቀምጧል።»

ጅብ ጆሮውን አቆመ። «የት?»

«ከድንጋዩ ሥር። ሥዕሉን አላየኸውም?»

«አህይት ሞት ነው አለች እኮ።»

«አህይት የምትበላው ሣር ነው። ለእርሷ አጥንት ሞት ነው። ላንተስ?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ለእርሱ ዳገት ላይ ጭነት እንደመጎተት ነው። «ለእኔ ምሳ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያስ። ሰው ዕቃው ላይ የሚሥለው ውስጡ ያለውን ነው። የሳሙናው ካርቶን ላይ ምን ተሥሎ ነበር?»

«ሳሙና።»

«ውስጡስ?»

«ሳሙና» አለ ጅብ፤ ፊቱም ፈካ። ጥቂት ቆይቶ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «እሳቱስ? እሳቱ ለምን ተሣለ?»

ይህን ጥያቄ ከጅብ አልጠበቀችም ነበር። ምንም ልትለው ትችል ነበር። ፀሐይ ነው፣ አበባ ነው ብትለው ያምናታል። አፏ ላይ የመጣላት ግን ሌላ ሆነ።

«ሞቅ አድርገህ ብላው ማለቱ ነው። ቅልጥም መቼም ሲሞቅ ነው የሚጥመው።»

«ጄሪካኑስ?»

«እርሱ ጮማው ነው፤ ቀልጦ ተቀምጦ።»

ጅብ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ለሃጩ ተዝረክርኮ እስከ ደረቱ ወረደ። «ታፋውን ውሰጂ» አለ። «ውሰጂና ለማንም አትንገሪ። ድንጋዩን ግን አብረሽኝ ግፊ።»

አብራው ገፋች። ሦስት ቆርቆሮና ቢጫውን ጄሪካን አወጡ። ቀበሮ በልቧ «ቆርቆሮውን ነክሶ ጥርሱ ሲያመው ይተፋዋል። ተናዶ ሲመጣ ታፋው አልቋል» አለች። በዚያ ሁሉ ዝናብ ጅብ ዕቃውን የት ሊያሞቀው እንደሚችል ግን አላሰበችም። በሸለቆው ውስጥ የሚነደው እሳት አንድ ብቻ ነው። ቀበሮ ያን ጊዜ የምታየው ታፋውን ነበር።

ሥጋውን ወደ ዋሻው ብትወስደው «ከየት አመጣሽው» የሚል እንዳይመጣ ብላ ወደ አጋም ቁጥቋጦ ጎተተችው። ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ልጆቿን ልትጠራ ቀና ስትል፣ ከዋሻው አፍ የሚወጣውን ቀጭን ጭስ አየች። ሁልጊዜ የምታየው ጭስ ነው። ያን ቀን ግን «ሞቅ አድርገህ ብላው» ያለችው ትዝ አላት።

በሦስት እግሯ ሮጠች። ቁስሏ ተከፍቶ ደሟ በጭቃው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላየችውም።

ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው። ትልልቆቹ አውሬዎች ምግብ ፍለጋ ወጥተዋል። በዋሻው ውስጥ የሚዳቋ ግልገሎች፣ የጦጣዋ ሕፃን፣ የቀበሮ ሦስት ልጆችና የራሱ የጅብ ሁለት ግልገሎች እሳቱን ከበው ተኝተዋል። አህይት እንጨት ለማምጣት ወጣ ብላ ጭነቷን ተሸክማ እየተመለሰች ነው። እመት ጦጢት ደግሞ ደጃፉ ላይ በቅል የዝናብ ውኃ ታጠራቅማለች። ጅብ ግን ከሁሉም ቀድሞ ገብቷል። ሦስቱን ቆርቆሮ ፍሙ ውስጥ ቀብሮ፣ ጄሪካኑን በጉልበቱ መካከል ይዞ ክዳኑን ይነክሳል። ሁለቱ ልጆቹ ተነሥተው አጠገቡ ተቀምጠዋል። «ቅልጥም ነው» ብሏቸዋል።

ቀበሮ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሌላ ውሸት ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት አልመጣላትም።

«አያ ጅቦ፣ ዋሸሁህ» አለች። «ምልክቱ አህይት ያለችው ነው። አጥንት የለበትም። ልጆቹን ይዘህ ውጣ።»

ጅብ በጎን አያት። «ገባኝ» አለ። «ታፋዬን በላሽና አሁን ቅልጥሙም አማረሽ።»

«በልጆቼ ይሁንብኝ አያ ጅቦ፣ ተወው።»

«መልሰሽ ልትወስጂብኝ ነው» አለና ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ነከሰ።

አህይት ይህን ከደጅ ሰማች። ማን ዋሸ፣ ማን ሰረቀ ብላ አልጠየቀችም። እንጨቷን ከጀርባዋ ጥላ ገባችና ያገኘችውን ልጅ በጥርሷ አንጠልጥላ ወደ ውጭ መወርወር ጀመረች። ቀበሮም ገባች። የሚዳቋ ግልገሎችን፣ የጦጣዋን ሕፃን፣ ሁለቱን የቀበሮ ልጆች፣ ከዚያ ሦስተኛውን እየጎተቱ አወጡ። የቀሩት የጅብ ልጆች ነበሩ። እነርሱ ከአባታቸው ጉልበት ሥር አልነሣ አሉ።

ክዳኑ ተከፈተ። የሚያስነጥስ ሽታ ዋሻውን ሞላው። ጅብ እንኳ አፍንጫው ነገረውና ጄሪካኑን ከእሳቱ ራቅ አደረገ። ግን ሽታው ቀድሞት ደርሷል። ነበልባሉ ከምድጃው ተነሥቶ፣ ማንም ሳይነካው በአየሩ ላይ ሄዶ ጄሪካኑን ያዘው።

አያ ጅቦ የምልክት ትርጉም አያውቅም፤ ልጅ ምን እንደሆነ ግን ያውቃል። በአፉና በራሱ እየመታ ሁለቱን ግልገሎች ወደ አህይት ወረወራቸው። ሁለተኛውን እንደወረወረ ፍሙ ውስጥ የተቀበሩት ቆርቆሮዎች ተራ በተራ ፈነዱ።

ጦጢት ቅሏን ይዛ ስትሮጥ አህይት አገደቻት። «ውኃ ተዪ። ቲነሩ በውኃው ላይ ተንሳፎ ዋሻውን ያዳርሰዋል። አፈር ነው የሚያጠፋው።» ጀርባዋን አዞረችና በኋላ እግሮቿ አፈር ትበትን ጀመር። ጦጢትም በእጇ፣ ቀበሮም በቆሰለ እግሯ አፈር አለበሱት። እሳቱ ታፍኖ እስኪጠፋ ድረስ አላቆሙም።

ልጆቹ ሁሉ ተረፉ። ጅብን ግን ሲያወጡት ጠጉር የሚባል አልቀረለትም።

ከዋሻው አጠገብ ካለ የቋጥኝ ጥላ ሥር በኮባ ቅጠል ላይ አስተኙት። አህይት ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እያረሰች አጠገቡ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ቀበሮ መጣች። ከሩቅ ቆመች፤ ከዚያ ቀረበች። ያመጣችውን የታፋ ቅሪት ከፊቱ አኖረች። ጅብ አላየውም። ያን ጊዜ ነው ጅብ እንደማይተርፍ ያወቀችው።

«እመት ቀበሮ» አለ ቀስ ብሎ።

«አለሁ።»

«አጥንት አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም አያ ጅቦ።»

ቀበሮ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ልጆቼ ተርበው ነበር» አለች።

«ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም ነበር» አለ ጅብ። «ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ተኝቼ ሳለ ብትሰርቂኝ ይሻል ነበር። ስነቃ እናደድ ነበር እንጂ፤ ሌላ ምን ይመጣል?»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አያ ጅቦ ሞተ።

አንበሳ አውሬዎቹን ሰበሰበ። ቀበሮ መካከል ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ታፋውንም፣ ድንጋዩንም፣ «ሞቅ አድርገህ ብላው» ያለችውንም አልዘለለችም። ስትጨርስ አውሬዎቹ «ትሙት» አሉ። የሟች ሚስት ጅቢት ብቻ ምንም አላለችም፤ ልጆቿን በሆዷ ሥር ይዛ ተቀምጣለች።

አንበሳ ወደ አህይት ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ቆርቆሮው ከዚህ ሸለቆ ቢጠፋ ከሌላ መንገድ ይመጣል» አለች አህይት። «እኔ አርጅቻለሁ። ከእኔ ሌላ ይህን ምልክት አጥርታ የምታውቅ እርሷ ናት። ብትገድላት የሚያውቀው በአንድ ይቀንሳል።»

አንበሳ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ «ስሚ» አላት ቀበሮን። «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ በተወለደበት ጎሬ ሁሉ ትሄጃለሽ። ሁለቱን ምልክቶች በመሬት ላይ ትሥያለሽ፤ ትርጉማቸውን ትናገሪያለሽ። ያወቅሽውን ደብቀሽ ያደረስሽውንም ትናገሪያለሽ። ጥፋትሽን ከደበቅሽ ትርጉሙን የሚያምንሽ የለም። መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ ጅቢት ቤት ነው።»

ቀበሮ ሞት ቢፈረድባት ይቀላት ነበር። ግን ሄደች።

የጅቢት ጎሬ ከወንዙ ማዶ ነው። ቀበሮ ከደጃፉ ቆማ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። እርጥቡን አፈር አስተካክላ በእግሯ ጫፍ ክፈፍ ሣለች፤ በክፈፉም ውስጥ ነበልባል። ከጎኑ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ሣለች። ትልቁ ግልገል ከእናቱ ኋላ አንገቱን አወጣ። ትንሹ በጎሬው ጥግ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ይህን ያያችሁበት ዕቃ ከእሳት መራቅ አለበት» አለች ቀበሮ። «ከነበልባሉ ብቻ አይደለም፤ ከፍምም፣ ከፀሐይ ግለትም። ክዳኑን እሳት ባለበት አትክፈቱ፤ ሽታው ብቻ ይበቃዋል። ባዶ ቢመስላችሁም እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ይፈነዳል። ይህኛው ደግሞ መርዝ ነው። አይላስም፣ አይሸተትም፣ ልጅ በሚደርስበት አይቀመጥም።»

ግልገሉ ሥዕሉን አይቶ ቀበሮን አያት። «አባባ ለምን አላወቀም?»

ቀበሮ ጅቢትን አየች። ጅቢት ፊቷን አላዞረችም።

«ጠይቆኝ ነበር» አለች ቀበሮ። «እሳቱ ለምን ተሣለ ብሎ ጠየቀኝ። አውቅ ነበር፤ ግን በታፋ ሸጥኩት። አባትህ ሞኝ ስለሆነ አይደለም የሞተው። ሲጠይቀኝ እያወቅሁ ስለዋሸሁት ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግልገሉ ወደ እናቱ ተመለሰ። ቀበሮ የምትሄድበትን አታውቅም፤ እግሯ ግን መዞር ጀመረ። ጥቂት እንደራቀች ጅቢት ከኋላዋ ተናገረች። ድምፅዋ ቁጣም ምሕረትም አልነበረበትም።

«ነገም ነይ» አለች። «ትንሹ ተኝቶ ነበር፤ አልሰማም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የአደጋን ምልክት የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው እውነቱን ካልነገረው፣ እሳቱ የተታለለውን ብቻ አቃጥሎ እንደማይቆም ነው።